የድሮ መኪና ጌጅ ሲዋሽ፦ የዳሽቦርድና የኤሌክትሪክ ብልሽትን እቃ ከመግዛት በፊት መፈለጊያ

የነዳጁ ጌጅ ግማሽ ይላል፤ መኪናው ግን ቤንዚን ጨርሶ መንገድ ላይ ይቆማል። የሙቀቱ መርፌ ንቅንቅ አላለም፤ ኮፋኖው ሲከፈት ግን ውሃው ይንተከተካል። የፊት መብራት ሲበራ ሁሉም መርፌዎች አብረው ከቦታቸው ይሸሻሉ። ያረጀ መኪና የሚነዳ ሰው ከእነዚህ አንዱን ሳያይ አይቀርም።

የተለመደው መልስ «ጌጁ ሞቷል፤ ሱማሌ ተራ ሄደህ ሌላ አምጣ» ነው። ሌላ ዳሽቦርድ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ጌጁ ራሱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የሚበላሸው ወደ እሱ የሚሄደው መስመር፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ግራውንድ ወይም ታንከሩና ሞተሩ ላይ ያለው ሴንሰር ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ኤሌክትሪኩ የት ድረስ እንደደረሰና የት እንደቆመ ካወቃችሁ ጥገናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ብሎንና ከቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አያልፍም።

ያለንን መኪና በደንብ ማወቅ አሁን የበለጠ ያስፈልገናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ተወሰነ። ዲኤክሱም፣ ላዳውም፣ አሮጌው ሃይሉክስም ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

ይህ መመሪያ መርፌ ላላቸውና እያንዳንዱ ጌጅ የራሱ ሽቦ ላለው መኪና ነው። ዳሽቦርዱ በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ መኪና ሌላ አሠራር አለው። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ቢጫ ሶኬት ያለባቸውን ሽቦዎች በምንም ዓይነት መሞከሪያ አትንኩ።

ምን ያስፈልጋል?

ቴስተር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም መለኪያ)፣ ባለ ሽቦ የሙከራ አምፖል፣ ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ ያላቸው ሁለት ሦስት ቁራጭ ሽቦዎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮና የእጅ ባትሪ። ዳሽቦርድ ውስጥ ከምትገኘው ትንሽ የ3.4 ዋት አምፖል አንድ ያዙ። አንድ የ21 ዋት የፍሬን አምፖልም ጨምሩ። ሁለቱም በኋላ ይጠቅሙናል።

ቴስተር እያለ አምፖሉ ለምን? ቴስተር ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። በመሆኑም ውስጡ ዝጎ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ላይ 12 ቮልት ያሳያችኋል። እናንተም «ኤሌክትሪክ አለ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። አምፖል ግን ሥራ ይጠይቃል፤ ሽቦው ደካማ ከሆነ አይበራም ወይም ይፈዛል። ያረጀ መኪና ላይ ሁለቱንም ተጠቀሙ። ኢንጀክሽን ሞተር ባለው መኪና ግን አምፖሉን ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር በሚሄዱ ሽቦዎች ላይ አትሞክሩ፤ እዚያ ቴስተር ብቻ።

ካቻቢቴ ሳታነሱ መጀመሪያ ተመልከቱ

ብልሽቱን በወረቀት ጻፉ። የትኛው ጌጅ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? መብራት ሲበራ? ፍሬን ሲያዝ? ዝናብ ከጣለ በኋላ? ሞተር ከታጠበ በኋላ? የሠፈር እጥበት ቤት በግፊት ውሃ ሞተር ካጠበ በኋላ የሚመጣ ብልሽት ብዙ ነው። ውሃው ሶኬት ውስጥ ይገባና ከቀናት በኋላ ዝገት ሆኖ ይወጣል።

ሁኔታው ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ሁሉም ጌጆችና ማስጠንቀቂያ መብራቶች አንድ ላይ ከሞቱ ፊውዙን ወይም ዋናውን መስመር ጠርጥሩ። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ ብቻ አብረው ከፍ ካሉ ወይም አብረው ከወደቁ ቮልት ማስተካከያው (ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልት ዝቅ አድርጎ የሚሰጠው ክፍል) ነው። መብራት፣ ፍሬቻ ወይም የመስታወት መጥረጊያ ሲሠራ መርፌዎቹ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ የዳሽቦርዱ ግራውንድ ላልቷል። አንድ ጌጅ ብቻ ከተሳሳተና ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ወደዚያ ጌጅ ሴንሰርና ሽቦ ሂዱ። የሙቀቱ ጌጅና የዘይቱ አብረው ከተቃወሱ ደግሞ የሞተሩን ግራውንድ እዩ፤ ሁለቱም ሴንሰሮች ኤሌክትሪካቸውን የሚመልሱት በሞተሩ ብረት በኩል ነውና።

ይህን ሳያዩ ዳሽቦርድ መፍታት ድካም ብቻ ነው።

ባትሪው

በደከመ ባትሪ የሚለካ ነገር ሁሉ ያሳስታል። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ምንም ሳታበሩ፣ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳታስደርጉ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየጎተተ ነው።

አሁን ሞተሩን አስነሱ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማየት አለባችሁ። ቁጥሩ ካልጨመረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ የዲናሞውን ቮልት የሚገድበው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፣ የባትሪው ውሃ ይፈላል፣ ጌጆችም ይዛባሉ።

የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ስትገጥሙ ኔጌቲቩን መጨረሻ። የምትፈቱበት መፍቻ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ እንኳ እሳት እንዳይረጭ ነው።

ፊውዙን በዓይን አትመኑ

ፊውዝ በዓይን ጤነኛ መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። የመኪናውን ቁልፍ ክፈቱ፣ የሙከራ አምፖሉን አንድ ጫፍ ከንጹሕ ብረት ጋር አያይዙ፣ በሌላው የፊውዙን ሁለት ጎን ንኩ። በሁለቱም ጎን ከበራ ደህና ነው። በአንዱ ብቻ ከበራ ፊውዙ ሞቷል። በአንዱም ካልበራ ችግሩ ከፊውዙ በፊት ነው።

ላዳ ላይ ያሉት ባለ ሹል ጫፍ ፊውዞች፣ 8ና 16 አምፔር የሆኑት፣ ጫፋቸው ይዝጋል። ብዙ ጊዜ በጣት ቦታቸው ላይ ማሽከርከር ብቻ ይመልሳቸዋል። ያ ግን ጊዜያዊ ነው፤ አውጥታችሁ ጫፉንም መያዣውንም ጥረጉ።

ብዙ ቶዮታዎች ላይ የጌጁ ፊውዝ የኋላ ማርሽ መብራትንም ይመግባል። ስለዚህ ጌጆቹ ሲሞቱ የኋላ ማርሽ አስገቡና መብራቱ መብራት አለመብራቱን እዩ። እሱም ከሞተ ፊውዙ ላይ ናችሁ። በተቃራኒው ደግሞ መኪናውን ወደ ኋላ ባስኬዳችሁ ቁጥር ፊውዙ የሚቃጠል ከሆነ ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ላይ አይደለም። ፖርታባጋሉ አካባቢ ተልጦ ከብረት ጋር የሚነካካ ሽቦ አለ።

የሚደጋገም ፊውዝ መቃጠልን ትልቅ አምፔር በመክተት ወይም የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት በመጠቅለል «የሚፈቱ» አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ፊውዙ የማይቃጠል ከሆነ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ ዳሽቦርዱ ሥር፣ ከጉልበታችሁ በላይ ነው ያለው። መኪና ሙሉ በሙሉ በኮንታክት የሚነደው እንዲህ ነው።

ሾርቱን፣ ማለትም ሽቦው ከብረት ጋር የሚነካካበትን ቦታ፣ ለማግኘት ያቺ የ21 ዋት አምፖል ትበቃለች። የተቃጠለውን ፊውዝ አውጡና በቦታው አምፖሏን በሁለት ሽቦ አገናኙ። በዚያ መስመር ያለውን ሁሉ አጥፉ። ሾርት ካለ አምፖሏ ቦግ ብላ ትበራለች፤ የሚቃጠል ነገር ግን የለም፣ ኤሌክትሪኩን የምትገድበው እሷ ናትና። አሁን በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ሶኬቶች አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ሽቦዎቹንም ወዲያ ወዲህ ነቅነቅ አድርጉ። አምፖሏ የደበዘዘችበት ወይም የጠፋችበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ። አንድ ፓኬት ፊውዝ ከመጨረስ ይሻላል።

ግራውንድ፦ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ

አንድ ቦታ ብቻ የመፈተሽ ዕድል ቢኖረኝ ይህን እመርጣለሁ። መኪና ላይ ፖዘቲቩ በሽቦ ይሄዳል፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ነው። ያ ብረት ቀለም ሲቀባ፣ ሲዝግ፣ ብሎኑ ሲላላ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። በሌላ አምፖል ወይም በሌላ ጌጅ በኩል ይዞራል። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው የሚደበዝዘው፣ ፍሬቻ ሲመታ የነዳጁ መርፌ አብሮ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዙ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ የእርሳሱ ራስ ላይ። ቀዩን ጫፍ የዳሽቦርዱ ግራውንድ ሽቦ ላይ አድርጉ። ከዚያ መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ መጥረጊያውን ሁሉ አብሩ። እስከ 0.1 ቮልት ካሳየ ግራውንዱ ጥሩ ነው። 0.2 ያስኬዳል። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥፋታችሁን አግኝታችኋል። ሁሉን ሳታበሩ ከለካችሁ ግን ዜሮ ያሳያችሁና ትታለላላችሁ።

ለማረጋገጥ ከዳሽቦርዱ ግራውንድ ተነስቶ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ የሚደርስ ጊዜያዊ ሽቦ ዘርጉ። መርፌዎቹ ወዲያው ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ሥራው አልቋል፦ ብሎኑን ፈትታችሁ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ድረስ ጥረጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ላዩን ትንሽ ግሪስ ቀቡት።

የሚፈተሹት ቦታዎች፦ ከባትሪ ወደ አካሉ የሚሄደው፣ ከባትሪ ወደ ሞተሩ የሚሄደው፣ ሞተሩን ከአካሉ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ፣ ዳሽቦርዱ ኋላ ያለው፣ የታንከሩና የኋላ መብራቶቹ። ሞተር ወርዶ በተሠራ መኪና ላይ ያ ጠፍጣፋ ሽቦ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እሱ ሲጠፋ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል፤ ገመዱ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ቮልት ማስተካከያው

ቁልፍ ስትከፍቱ የነዳጁ መርፌ በቀስታ፣ ሰከንዶች ወስዶ ከወጣ ጌጁ በሙቀት የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ጌጅ 12 ቮልት አይወስድም፤ ከፊቱ ማስተካከያ አለ። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች በአማካይ 7 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ቦታውም ነዳጅ ጌጁ ውስጥ ነው። በድሮ የእንግሊዝ መኪኖች 10 ቮልት ገደማ ሆኖ ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ሳጥን ነው። መርፌው ቁልፍ እንደተከፈተ ወዲያው ብድግ የሚል ከሆነ ግን ይህ ክፍል እናንተን አይመለከትም፤ እለፉት።

ማስተካከያው የሚሠራው ኤሌክትሪኩን ቶሎ ቶሎ እየቆረጠና እየቀጠለ ስለሆነ ዲጂታል ቴስተር ላይ ቁጥሩ ይዘላል። ያ ጤናው ነው። የሙከራ አምፖል ብታደርጉበት ብልጭ ድርግም ይላል። ሳይቆረጥ 12 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ ውስጡ ተጣብቋል፤ ነዳጁም ሙቀቱም ከልክ በላይ ከፍ ይላሉ፣ ቆይቶም ጌጆቹን ያቃጥላቸዋል። ምንም ካልሰጠ ሁለቱም ይሞታሉ። ወዲያው ከመፍረድ በፊት ግን የማስተካከያውን ግራውንድ እዩ።

የነዳጅ ጌጅ

ሴንሰሩ ታንከሩ ላይ ነው። በብዙ አውቶሞቢሎች የኋላ ወንበሩን ስታነሱ ወይም የፖርታባጋሉን ምንጣፍ ስትገልጡ ክዳኑ ይገኛል። ሽቦውን ንቀሉ፣ ቁልፉን ክፈቱ። የድሮ ቶዮታ ከሆነ መርፌው ባዶ ላይ ይተኛል። ቀጥሎ የተነቀለውን ሽቦ በዚያች የ3.4 ዋት አምፖል በኩል ከብረት ጋር አገናኙ። አምፖሏ ትበራለች፣ መርፌውም ወደ ሙሉ ይሄዳል። በቀጥታ ከብረት ጋር ማገናኘትም ይቻል ነበር፤ አምፖሏ ግን በሙቀት የሚሠራውን ጌጅ ከመቃጠል ትጠብቀዋለች።

መርፌው በትክክል ከሄደ ጌጁም፣ ሽቦውም፣ ማስተካከያውም ጤነኛ ናቸው። ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የሴንሰሩ ግራውንድ ነው። ካልሄደ ያንኑ ሙከራ ዳሽቦርዱ ኋላ፣ ጌጁ ራሱ ላይ ድገሙት። እዚያ ከሠራ ከዳሽቦርድ እስከ ታንከር ያለው ሽቦ ተቆርጧል፤ ብዙ ጊዜ በር ሥር ምንጣፉ ከሚረጥብበት ቦታ ነው። እዚያም ካልሠራ ጌጁን መጠርጠር አሁን ይቻላል።

ሴንሰሩን በኦም (ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ) ለኩ። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ታንከሩ ሲሞላ ጥቂት ኦም፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ገደማ ይሆናል። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያለው ቪዲኦ (VDO) የተባለው ኩባንያ ሴንሰር ግን ተቃራኒ ነው፦ ባዶው 10፣ ሙሉው 180 ኦም። የአንዱን መኪና ሴንሰር ሌላው ላይ ገጥሞ «አይሠራም» ማለት ከዚህ ይመጣል።

መርፌው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ግማሽ ሲደርስ፣ ዝም ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ሽቦ እዚያ ቦታ ላይ ተበልቷል። ሴንሰሩን አውጥታችሁ ክንዱን በእጅ ቀስ ብላችሁ ስታነሱ ኦሙ ሳይቆረጥ መለወጥ አለበት። ኦሙ ጥሩ ሆኖ መርፌው ሁልጊዜ ባዶ ከሆነ ተንሳፋፊውን ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተበስቶ ሰጥሟል።

ሴንሰር ስታወጡ መኪናው ደጅ ይሁን፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ ሲጋራም ምድጃም አጠገብ አይኑር። ለመተንፈስ የሚከብዳችሁ ከሆነ ተውት፣ ራቁ። ጎዶሎ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ስትመልሱት ጎሚኒውን በአዲስ ቀይሩ።

የሙቀት ጌጅ

እዚህ ላይ ጌጁ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነው። መኪናውን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ኪሎ ገደማ ግፊት ሲይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎሚኒ ካረጀ ግን ግፊቱ ያመልጣል። ውሃው በ92 ይፈላል፣ መርፌው ገና መሃል አካባቢ እያለ። ጌጁ እውነቱን ነው የተናገረው። ስለዚህ «ጌጁ ሳያሳየኝ ፈላ» የሚል ሰው መጀመሪያ ክዳኑን ይቀይር። አባይ በረሃን ወጥታችሁ ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ የሚፈላ መኪና ላይ ይህን ሳታዩ ሴንሰር አትግዙ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከፋል። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ውሃ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ በአየር ላይ ይንጠለጠልና መርፌው ይወርዳል። ሽቅብ እየወጣችሁ መርፌው ከፍ ብሎ ቆይቶ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከወረደ ሞተሩ በረደ ብላችሁ አትደሰቱ። ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈቱ።

ሦስተኛው፣ ቴርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለ መኪና ነው። «አገራችን ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» ተብሎ ይወጣል። ከዚያ ረጅም መንገድ ላይ መርፌው ከቀዝቃዛው አይነሳም፤ ሞተሩም በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ቤንዚን ይበላል። የዚህ መድኃኒቱ አዲስ ቴርሞስታት እንጂ አዲስ ጌጅ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ የኤሌክትሪኩ ሙከራ ልክ እንደ ነዳጁ ነው። አንድ ሽቦ ያለው ሴንሰር ብዙ ጊዜ የጌጁ ነው። ሽቦውን ስትነቅሉ መርፌው ቀዝቃዛ ላይ ይተኛል፤ በ3.4 ዋት አምፖሏ በኩል ከብረት ስታገናኙት ወደ ሙቅ ይወጣል። ሴንሰሩ ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል፦ ሲበርድ በመቶዎች፣ ውሃው ሊፈላ ሲል በአሥሮች የሚቆጠር ይሆናል። አውጥታችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስትመልሱት ጥርሱ ላይ የቧንቧ ነጭ ፕላስተር አታብዙ፤ ከሞተሩ ብረት ጋር እንዳይነካካ ያደርግና ጌጁ ዝቅ ብሎ ያነባል።

የዘይትና የባትሪ መብራት

ሞተር ተነስቶ የዘይቱ መብራት ከበራ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። ዘንጉን አውጥታችሁ የዘይቱን መጠን እዩ። መጠኑ ደህና ከሆነ «ሴንሰሩ ነው» ብሎ መንዳት አይቻልም። ጋራዥ ሄዳችሁ (ተጎትታችሁ) በሴንሰሩ ቦታ የግፊት መለኪያ አስገጥሙና ለኩ። ግፊቱ ጥሩ ከሆነ ብቻ ሴንሰሩን ቀይሩ።

ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ ጨርሶ የማይበራ ከሆነም ብልሽት ነው። የሴንሰሩን ሽቦ ነቅላችሁ ከብረት አገናኙ። ከበራ ሴንሰሩ፣ ካልበራ አምፖሉ ወይም ሽቦው ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህን ሳታዩ እጅ አትምቱ፤ ቁልፍ ሲከፈት የዘይት፣ የባትሪና የእጅ ፍሬን መብራቶች መብራት አለባቸው። አውቆ አምፖል የሚነቅል ሻጭ አለ።

የባትሪው መብራት ደግሞ ከማስጠንቀቂያነት በላይ ነው። በብዙ የድሮ መኪኖች ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚያች አምፖል በኩል በሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ላይሞላ ይችላል፤ መብራቱም ስለማይበራ ሹፌሩ አያውቅም። ዲናሞ ከማስፈታታችሁ በፊት ቁልፍ ከፍታችሁ መብራቱን እዩ። በኤልኢዲም አትቀይሯት፤ የምታሳልፈው ኤሌክትሪክ ዲናሞውን ለመቀስቀስ ላይበቃ ይችላል። ሞተር ሲነሳ በደካማው የሚያበራ መብራት የዲናሞውን ዳዮድ ወይም ላላ ያለ ሶኬት ያመለክታል።

የፍጥነት መለኪያው

በድሮ መኪና ይህ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ከካምቢዮ የሚመጣ የሚሽከረከር ገመድ ነው። መርፌው ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጮኸ ገመዱ ደርቋል ወይም ታጥፏል። ጨርሶ ከሞተ ከዳሽቦርዱ ፈትታችሁ መኪናውን ግፉትና ገመዱ ሲዞር እዩ። ከዞረ ጥፋቱ መለኪያው ላይ ነው፤ ካልዞረ ገመዱ ወይም ካምቢዮ ላይ ያለው ጥርስ ነው። ግሪስ ስትቀቡ የላይኛውን ጫፍ ደረቅ ተዉት፤ አለዚያ ግሪሱ እየወጣ መለኪያው ውስጥ ይገባል።

ዳሽቦርዱን ስትፈቱ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የሶኬቶቹን ቀለምና አቀማመጥ ነገ አታስታውሱትም። ከኋላው ያለው ስስ ፕላስቲክ ላይ የመዳብ መስመሮች አሉ። የተሰነጠቀ፣ የተነሳ ወይም የጠቆረ መስመር ፈልጉ። ሶኬቱ የሚገባባቸውን ጫፎች በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ ብርጭቆ ወረቀት እዚህ ከባድ ነው። ጌጆቹን የያዙት ትንንሽ ብሎኖች ኤሌክትሪኩንም የሚያስተላልፉ ናቸው፤ ላልተው ታገኟቸዋላችሁ። ሳታበዙ አጥብቁ። መርፌዎቹን ግን በጣት አትግፉ።

ስትፈቱ ደግሞ ፋብሪካው ያላስገባውን ሽቦ ታያላችሁ፦ የአላርም፣ የቴፕ፣ የጂፒኤስ፣ የተጨማሪ መብራት። በጣት ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ ካለ ከዚያ ጀምሩ። ናስትሮው በሙቀት ይላቀቃል፣ ውስጡ ይዝጋል፣ ክረምት ሲገባ ይብሳል። ቅጥያውን ቆርጣችሁ አዲስ ሽቦ አውጡ፣ በስታኞ በይዱ፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ ልበሱት። ተጨማሪ መሣሪያ ሁሉ የራሱ ፊውዝ ይኑረው እንጂ ከጌጁ መስመር አይለጠፍ።

ባትሪው ሲያድር የሚሞት ከሆነም እነዚህን ጠርጥሩ። ቁልፉን ዝጉ፣ በሮቹን ዝጉ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በባትሪው ኔጌቲቭና በኔጌቲቩ ገመድ መካከል አስገቡት። ሞተር አታስነሱ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ኮምፒውተር የሌለው መኪና ሰዓትና ቴፕ ብቻ ስለሚመግብ 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ቢሆን ነው። ከ50 ካለፈ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጡ፤ ቁጥሩ የወረደበት መስመር ላይ ጥፋቱ አለ። ፊውዞቹ ሁሉ ወጥተው ቁጥሩ ካልወረደ የዲናሞውን ሽቦ ንቀሉ፤ የተበላሸ ዳዮድ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይጠጣል። ያን ወፍራም ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ግን ኔጌቲቩን ሙሉ በሙሉ ፍቱ፤ ፊውዝ የለውም።

ዳሽቦርዱን በብሎን ከመዝጋታችሁ በፊት ባትሪውን አገናኙና ሁሉን ሞክሩ። ቁልፍ ክፈቱ፣ ማስጠንቀቂያዎቹ ይብሩ። ሞተር አስነሱ፣ ይጥፉ። የፊት መብራት፣ ፍሬቻ በሁለቱም በኩል፣ ፍሬን፣ የኋላ ማርሽ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ መርፌዎቹን እዩ፣ መነቃነቅ የለባቸውም። የፍጥነት ገመዱንም ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ መቆለፉን አረጋግጡ።